የጾሜ እንቁላሎች

ሳጥኑ ገና ከመደርደሪያው ሳይወርድ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። የሞቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ እርጥብ ጥጥ፣ ቁስል የሚጠረግበት አልኮል፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ቴምር ሲያዝበት የኖረ አሮጌ እንጨት። ዶክተር ደላል ወንበር ላይ ቆማ ሳጥኑን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ "ማማ ዘኒ፣ ተቀበይኝ እንጂ፣ ልወድቅ ነው!" ስትለኝ ልቤ እዚያ አልነበረም። የዱሮው ሰፈራችን ፊንጣስ ነበርኩ። ባሕሩ ዳር ባለው ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሌ፣ አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ እንቁላል አገላብጥ ነበር።

ለማያውቀኝ ልናገር። ስሜ ዘነበች ነው፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ኩዌት የመጣሁት ደላል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ ቤት ልሠራ ነው። ዛሬ ደላል የራሷ ላቦራቶሪ ያላት ተመራማሪ ናት። ጫጩት በእንቁላል ውስጥ ከምንም ተነሥቶ እንዴት ጫጩት እንደሚሆን፣ ሴሎቹ እንዴት እየተገፋፉና እየተጓተቱ የየራሳቸውን ቦታ እንደሚይዙ ስታጠና ነው ወጣትነቷ ያለቀው። ባለፈው ሐሙስ የጠራችኝ ላቦራቶሪውን ስለምትለቅ ነው፤ ውጭ አገር ትልቅ ቦታ አግኝታለች፣ ትሄዳለች። የእኔ ኢቃማ ደግሞ እናቷ ካረፈች ወዲህ በደላል ስም ነው። እሷ ከሄደች እኔም አንዱን መምረጥ አለብኝ፤ ወይ የመኖሪያ ወረቀቴን ወደ ወንድሟ ወደ ኻሊድ አዛውሬ እንደለመድኩት ሐዋሊ ሰፈር መቀመጥ፣ ወይ ጠቅልዬ አገሬ መግባት። ደሴ ያለችው ልጄ ማህሌት "ለፋሲካ ነይ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቻለሁ" ካለችኝ ሰንብታለች። እኔ ግን "እስቲ እናያለን" እያልኩ ነው የምዘጋው።

ከሐዋሊ ወደ ላቦራቶሪው የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ሐዋሊ ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ፤ ሁለቱ የውበት ሳሎን ይሠራሉ፣ አንዷ ካፌ። እኔ በሳምንት ጥቂት ቀን ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ የቀረውን ቀን ጉልበቴን አስታምማለሁ። ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ስልካቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከእናቶቻቸው ጋር እየተያዩ ሽንኩርት ይከትፋሉ። እናትየው ከጎንደር "አሳርረሽዋል" ትላለች፣ ልጅቱ ከሐዋሊ "ገና ነው" ትላለች። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ይቆጨኛል። በእኛ ጊዜ በአምስት ዲናር የገዛነው የስልክ ካርድ ስልክ ካለው ጎረቤት ሰው ተልኮ ልጄ እስክትጠራ ድረስ ያልቅ ነበር። እኔ ከጀምዒያው፣ ከሰፈሩ የሸማቾች መደብር ማለቴ ነው፣ በር ላይ ካለው የስልክ ሳጥን ውስጥ ቆሜ የምሰማው የጎረቤታችንን ውሻ ጩኸት ነበር። የውሻውን ድምፅ ከልጄ ድምፅ ይበልጥ ለምጄው ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

የዱሮው ጊዜ ናፈቀኝ ስላቸው ልጆቹ ይስቁብኛል። "ዘኒዬ፣ ምኑ ነው የሚናፍቀው? የሰው ቤት ብረት ምጣድ ማጠቡ?" ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ፊንጣስ ያኔ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልሆነችም፤ ከጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ኹብዝ የሚሉትን ዳቦ ከኢራናዊው ምድጃ ትኩሱን በሃያ ፊልስ እንገዛ ነበር፣ እጄን እያቃጠለኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ እመለሳለሁ። ፈላፍል መቶ ፊልስ ነበር። ማዳም ሐዋሊ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ሦስት አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፋችልኝ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው። አንዱን ሳጥበው ሌላውን ስለምለብስ የጎረቤት ሠራተኛ አንድ ቀን ጠርታኝ፣ "እህቴ፣ ልብስ የለሽም እንዴ?" ብላ የራሷን ቀሚስ ልትሰጠኝ ነበር። ዓርብ ረፍት ባገኘሁበት ቀን ደግሞ አባሲያ ሰፈር እንወርዳለን። እዚያ ካሴት እየቀዳ የሚሸጥ አንድ ሕንዳዊ ነበር። አማርኛ አያውቅም፤ ግን የሀበሻ ዘፈን የሐዘንና የጭፈራ ብሎ ለሁለት ከፍሎ "ሀበሺ ሳድ? ሀበሺ ዳንስ?" ይለናል። ሁላችንም "ሳድ" ነበር የምንገዛው። አንዳንዴ ሰውየው ራሱ እያዘነልን አንድ "ዳንስ" መርቆ ይሰጠን ነበር።

ማዳም፣ ኡሙ ኻሊድ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቁጡ ግን ሆደ ቡቡ ሴት ነበረች። "ሳትበላ ቤቴ የምትሠራ ሴት የለችም" ትልና ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ድርሻዬን በትሪ ታስቀምጥልኛለች፤ ኹብዝ፣ አይብና ሁለት እንቁላል። እንቁላሉን ጥሬውን ነው የምትተወው፣ እንደወደድኩት እንድሠራው። ታዲያ በመጣሁበት ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አይቡንና እንቁላሉን ትሪው ላይ እንዳለ ተውኩት። አንድ ቀን ዝም አለች። በማግሥቱም ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ዘኒ፣ ዘዕላና?" አለችኝ። ተቀየምሽ ወይ ማለቷ ነው። የቤቱን ምግብ የማይቀምስ ሰው የቤቱ ኩርፈኛ ነው፤ በእነሱም አገር በእኛም አገር።

"ኧረ አልተቀየምኩም ማዳም። ጾም ነው" አልኳት በዚያች በምታነክስ ዓረብኛዬ።

"ጾም? ትናንት ቀን ምስር ስትበዪ አይቼሻለሁ እኮ!"

"አዎ፣ ከቀትር በኋላ እበላለሁ።"

"ፀሐይዋ ቁልቁል እያየችሽ?"

"ምስሩን ብታይ ምን ትለኛለች? እንቁላሉን ነው የተውኩት" አልኳት።

"እስከ መቼ?"

"ሃምሳ አምስት ቀን።"

ትክ ብላ አየችኝና ወጣች። ወዲያው ከሳሎን ለእህቷ ስትደውል ሰማሁ። "ሀበሻዋ ኩርፊያ ላይ ናት፤ ሃምሳ አምስት ቀን ልታኮርፈኝ አስባለች" እያለች ነበር። በማግሥቱ ትሪው ላይ ከእንቁላሎቹ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ቆሞ አገኘሁ። ለዕርቅ መሆኑ ነው። ሽቶውን አመስግኜ ተቀበልኩ፣ እንቁላሉን አልነካሁም። በሚቀጥለው ቀን ሻርፕ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ጾሙ የሚጠቅም ነገር መሆኑን እንደዚያ ዓመት አምኜ አላውቅም።

ነገሩ የገባት ትንሿ ደላል ነበረች። ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የሰው ወሬ የምታዳምጥ ዓይነት ልጅ ናት፤ ጸጉሯ ቁጥርጥር ያለ፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ። "እማማ፣ እሷ እኮ አልተቀየመችም። የእነሱ ጾም የሚቆጠረው በሰዓት አይደለም፣ በምግብ ነው" ብላ ለእናቷ አስረዳችልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አንቺ ካልበላሽው ለእኔ ስጪኝ" አለችኝ።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ልታቀፈው።"

ከጓዳ ቴምር የመጣበትን የእንጨት ሳጥን አወጣን፤ አምፖል አንጠለጠልንበት፣ ውኃ በብርጭቆ አስቀመጥን፣ ከሥሩ ጥጥ አነጠፍን። የት ይቀመጥ ሲባል ጭቅጭቅ መጣ። ቤቱ በሙሉ በኤሲ እንደ ፍሪጅ ቀዝቅዟል። የእኔ ክፍል ኤሲ ግን ድምፅ እንጂ ብርድ አያወጣም ነበር፤ "ይጠገንልኝ" ብዬ ለማመልከት ቃሉን እያጠናሁ ነበር። ደላል ገብታ እጇን አየሩ ላይ ዘርግታ፣ "ማማ ዘኒ፣ ያንቺ ክፍል በጣም ጥሩ ነው!" አለች። ለእኔ ያልተመቸው ክፍል ለእንቁላል ተመቸ ማለት ነው። ኤሲው ሳይጠገን ዓመታት አለፉ፣ እኔም ማመልከቱን ተውኩት።

የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ገሙ። ማዳም አፍንጫዋን ይዛ፣ "ዘኒ፣ ክፍልሽ ውስጥ ምን ሞተ?" እስክትል ድረስ ገሙ። ደላል ሳጥኑን አቅፋ አለቀሰች። እናቴ ቤት ዶሮ ያሳደግኩ ነኝና፣ "የሱቅ እንቁላል አይፈለፈልም፤ አውራ አላየም" አልኳት። "አውራ ምን ያደርጋል?" አለችኝ። "እሱን እናትሽን ጠይቂ" ብዬ ድስቴን ማጠብ ቀጠልኩ። ሄዳ ጠየቀች። ማዳም እየጮኸች ይሁን እየሳቀች መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ስሜን ጠራችው። የሆነው ሆኖ በሚቀጥለው ዓርብ የቤቱ ሾፌር የዓርብ ገበያ ወሰደን። ደላል ከዶሮ ሻጮቹ አንዱ ፊት ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አጎቴ፣ እነዚህ እንቁላሎች አባት አላቸው?" ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሁለቱን በነጻ ጨመረልን።

ጠዋትና ማታ አገላብጣቸዋለሁ፤ እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን እኔ፣ እኔ ሥራ ሲበዛብኝ እሷ። አራተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ አንሶላ ተከናንበን አንዱን እንቁላል በባትሪ ብርሃን ላይ አደረግነው። ከውስጥ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ታዩ፣ መሀላቸው ደግሞ አንድ ነጥብ እየዘለለች። "ልቡ ነው" አልኳት። ደላል ጆሮዋን ደረቴ ላይ አሳርፋ የእኔን አዳመጠች።

"ልብ መሆን እንዳለበት ማን ነገረው?" አለችኝ ከአንሶላው ሥር።

"እግዚአብሔር ነዋ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ግን በየት በኩል ሄዶ ነው እዚያ የደረሰው?"

ዛሬ ሰዎች ስለ ደላል ሥራ ሲናገሩ ብዙ ከባድ ቃል ይጠቀማሉ። እኔ ግን ከዚያች ጥያቄ ውጭ ሌላ ነገር ስትሠራ አላየኋትም።

ጫጩቷ የወጣችው በስቅለት ዕለት ጠዋት ነው። ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ጫማዬን ሳስር ከሳጥኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደላል በሌሊት ልብሷ እየሮጠች መጣች። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን ያቺ ፍጥረት ቅርፊቱን ስትታገል ዋልን፤ አንዴ ትሠራለች፣ አንዴ ታርፋለች። "እንርዳት" ትለኛለች ደላል፣ "ተያት፣ ራሷ ትውጣ" እላታለሁ። በፋሲካ ቀን ማዳም ጾሜ አለቀ ብላ ሁለት እንቁላል በቲማቲም ጠብሳ በገዛ እጇ አቀረበችልኝ። አንዴ ጎርሼ መዋጥ አቃተኝ። ሳህኑን መልሼ ሳስቀምጥ ማዳም ራሷን ይዛ፣ "ዘኒ፣ አሁንም ዘዕላና?" አለች። ከዚያ ወዲህ እንቁላል በልቼ አላውቅም።

ደላል አጠገቤ ስታድግ ማህሌት በስልክ አደገች። ልጄን ትቻት ስመጣ አራት ዓመቷ ነበር፣ እህቴ ዘንድ። የደላልን ጸጉር ጠዋት ጠዋት እየሠራሁ የማህሌት ጸጉር ምን ያህል እንደረዘመ ከፎቶ ነበር የማየው። ጫማ ስገዛላት በደላል እግር እየለካሁ፣ በአምስት ዓመት ስለሚበላለጡ ቀንሼ ነበር የምገዛው። አንዳንዴ ይጠባታል፣ አንዳንዴ ይሰፋታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ አግኝቼ ደሴ ስገባ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ነበር። እህቴ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ አየችኝ። ሁለት ቀን ዝም አለችና በሦስተኛው ቀን እህቴን በሹክሹክታ፣ "እማዬ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የምትሄደው?" ስትላት ሰማሁ። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። የማታውቀውን ሰው አልጋዋ ላይ አስተኝተውባት ነው። እስከ ዛሬም እማዬ የምትለው እህቴን ነው፤ እኔን ዘንዬ ትለኛለች። ማማ የምትለኝ ያልወለድኳት ናት። "ክፍልሽን ቀለም አስቀብቻለሁ" ስትለኝ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ቀለሙ ሲደርቅ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መቼ እንደምሄድ የሚጠይቅ ሰው ቢኖርስ?

ደላል ውጭ አገር ተምራ ስትመለስ ወፍራም መነጽር አድርጋ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆና ነው የመጣችው። እኔም ያኔ ከፊንጣስ ወጥቼ ሐዋሊ ገብቼ ነበር። ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንደለበስኩ ላቦራቶሪዋ እሄድላታለሁ። እዚያ እንቁላሉን ትከፍተዋለች። ቅርፊቱ ላይ በመቀስ ትንሽ መስኮት ትቆርጥና የምታየውን አይታ በፕላስተር መልሳ ትዘጋዋለች፤ ጽንሱ ምንም እንዳልሆነ ማደጉን ይቀጥላል። መጀመሪያ ስታሳየኝ አማተብኩ። በኋላ ለመድኩት። "ነይ እዪ፣ ያንቺን ሰዎች" ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ ታስቀምጠኛለች።

የእኔ ሰዎች የምትላቸው ከጽንሱ ጀርባ ላይ የሚወለዱ ሴሎች ናቸው። የተወለዱበት አይቀመጡም፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። ገሚሶቹ ወደ ፊት ሄደው የፊት አጥንት ይሆናሉ፣ ሌሎቹ የቆዳ ቀለም ይሆናሉ፣ ሌሎቹ ሆድ ውስጥ ገብተው አንጀትን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ይሆናሉ። "ሲነሡ ምን እንደሚሆኑ ጠንቅቀው አያውቁም፤ የደረሱበት ቦታ ይነግራቸዋል" አለችኝ። የእሷ ሥራ እንዴት እንደሚሄዱ ማጥናት ነበር። ጄል በሚባል የረጋ ፈሳሽ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ጄሉ ሙሃለቢያ እንደሚሉት የወተት ጣፋጭ ከለሰለሰ ድብልብል ብለው እዚያው ይቀመጣሉ፤ የሚረግጡት ሲጠጥር ግን እጅ እግር ያወጡ ይመስል ተዘርግተው፣ መሬቱን እየሳቡ ይራመዳሉ። ደግሞ እየተነካኩ፣ በቡድን። አንዱን ለይተው ቢያስቀምጡት ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አቅጣጫ የለውም። ይህን ስትነግረኝ አባሲያ በዓርብ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ስንሄድ የነበርነው ትዝ አለኝ።

ይህን አሁን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት እንጂ እሷ የጨረሰችበት ዓመታት ነው። ጄሉ ይበላሽባታል፣ የላከችው ጽሑፍ ይመለስባታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሐዋሊ ድረስ መጥታ የእኔ አልጋ ላይ ፊቷን ደፍታ፣ "ማማ ዘኒ፣ እኔ ሞኝ ነኝ" ብላ አለቀሰች። እንቁላሎቹ የገሙ ዕለት እንዳለቀሰችው ነበር ያለቀሰችው። "አውራ ያላየ እንቁላል ይሆናል፣ ሌላ ግዢ" አልኳት፤ ሌላ የማውቀው ምክር አልነበረኝም። በእንባዋ መሀል ሳቀች። ጽሑፉ የታተመ ዕለት ደግሞ ትልቅ ኬክ ይዛ መጣች። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች የማንን ልደት እንደምናከብር ሳይገባቸው በሉ፤ እኔ እንቁላል አለበት ብዬ አልበላሁም፣ ግን እልል አልኩ። ያ ቀን ዛሬም ይናፍቀኛል። ያቺ ሙቀት የማይለቃት ክፍል፣ ያ አንሶላ፣ ደረቴ ላይ ያረፈው ያ ጆሮ ይናፍቀኛል። ካልዋሸሁ ደግሞ፣ ያ ጆሮ የሌላዋ ልጄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ላቦራቶሪው ባዶ ሆኗል፤ ማሞቂያዎቹ ጠፍተዋል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የጽንስ ሥዕሎች ተነቅለው ቦታቸው ነጥቶ ቀርቷል። ደላል አቧራ ያለበት እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ጸጉሯ ላይ ሽበት አየሁ፤ የእኔ ልጅ ሸበተች ብዬ ደነገጥኩ።

"ይህን ለማንም አላምንም፤ አንቺ ውሰጅው" አለችኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አልኳት። "እነዚያ ከጀርባ ተነሥተው የሚሄዱት፣ ይመለሳሉ?"

ደላል ዋሽታኝ አታውቅም። "አይመለሱም" አለች። "ሲመለሱ አይቼ አላውቅም።"

"የለቀቁት ቦታስ?"

"ይገጥማል። መግጠም አለበት፤ ጀርባው ካልገጠመ ጽንሱ አይሆንም።"

ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው እንደሚያደርገው አንገቴን ነቀነቅኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ለኻሊድ ነገ እደውላለሁ፣ ኢቃማዬን ያዛውርልኝ ብዬ በልቤ ጨርሼ ነበር። ደላል ግን ፊቴን ታነባለች።

"ስለ ማህሌት ነው የጠየቅሽኝ?"

የሳጥኑን አቧራ በመዳፌ ጠረግኩ።

"ማማ ዘኒ!" አለችና ሁለት ትከሻዬን ያዘችኝ። "አንቺ እኮ ሴል አይደለሽም! ሴል ስልክ ይደውላል? ሴል በሌላ ልጅ እግር እየለካ ጫማ ይልካል? ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ይህን እንድትይ ነው?" ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እኔ ራሴ ፈርቻለሁ። ስለ መሄድ ስጽፍ ኖሬ እንዴት እንደሚኬድ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እንዴት ነው?"

"ሻንጣ በመዝጋት ነው" አልኳት። "ሌላውን መንገድ ላይ ትደርሽበታለሽ።"

ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ወደ ሐዋሊ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ፊሊፒናዊት ሽታው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። ቤት ስደርስ ልጆቹ ገና ከሥራ አልገቡም። ሳጥኑን አልጋዬ ሥር ላስገባው ጎንበስ ስል ስልኩ ጮኸ፤ ማህሌት ነበረች። በስልኩ መስታወት ኩሽናዋ ይታያል፣ ከኋላዋ እህቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ማህሌት እንደ ሌላው ቀን "መቼ ነው የምትመጪው" አላለችኝም። ሰልችቷት ይሆናል።

"ዘንዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት" አለች። አፈር ያለች ትመስላለች። "እንቁላል ትበያለሽ?"

"ምን?"

"ለፋሲካ ዶሮ ስሠራ… ማለቴ፣ ከመጣሽ… እማዬን ብጠይቃት ዱሮ ትበላ ነበር አለችኝ። አሁንስ ብዬ ነው። ሳላውቅ ቀርቼ እንዳላስቀይምሽ ብዬ።"

የወለድኳት ልጅ፣ ራሷ የልጆች እናት የሆነች ሴት፣ እናቷ እንቁላል መብላት አለመብላቷን አታውቅም። እንዲህ የሚጠየቀው እንግዳ ነው ብዬ ልከፋ ነበር። ግን ትዝ አለኝ፤ ማዳም ሳትጠይቀኝ ስንት ቀን ሽቶና ሻርፕ ስታመላልስ ነበር። ይህችኛዋ ከመጀመሪያው ጠየቀችኝ።

"አልበላም ልጄ" አልኳት።

"ጾም ስለሆነ ነው?"

"በፋሲካም አልበላም።"

"ውይ! ለምን?"

እጄ ሳጥኑ ላይ ነበር። "ረጅም ታሪክ ነው። ስመጣ እነግርሻለሁ" አልኳት።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝና "ሄሎ? ማህሌት?" አልኩ። በስልኩ ውስጥ ግን ኩሽናው ተገለባበጠ፣ ጣሪያው ታየኝ፣ ከዚያ ወለሉ። ስልኩን እንደያዘች እየሮጠች ነበር።

"እማዬ!" ስትል ሰማኋት፣ እህቴን። "እማዬ፣ ትመጣለች! እንቁላል አትበላም!"